ስለ ሚስትህ ጻፍ

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከመጋላ ሰፈር ወደ ደቻቱ ወንዝ በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ የሳምቡሳ መጥበሻ ጎን፣ ጠባብ ሱቅ ከቀበሌ ተከራይቶ አንድ በእግር የሚዞር የስፌት መኪና አቆመ። እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እዘመዝማለሁ፣ እተኩሳለሁ። በድሬዳዋ ሙቀት ላይ የከሰል ካውያ ሲጨመርበት ምን እንደሚመስል ያየው ያውቀዋል። ግን የሚተኮስ ልብስ ሲኖር አይደል? ማዶ ለማዶ ከአባታቸው ደንበኛ የወረሱ ሰፊዎች ነበሩ። ከጅቡቲ በባቡር ተደብቆ የሚገባው የተሰፋ ልብስም ከእኛ ሱሪ ይረክስ ነበር። ቀኑን ሙሉ ካውያውን አሙቀን፣ አመሻሽ ላይ ከሰሉን አጥፍተን ወደ ቤት የተመለስንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

አንድ ቀን ከአንድ የትምህርት ቤት አናጢ ጥጉ የተሰበረ ጥቁር ሰሌዳ ገዝቶ መጣ። በሩ ላይ አቁሞ በጨርቅ ምልክት ማድረጊያ ጠመኔው «ሱሪ ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ይረዝማል» ብሎ ጻፈበት። ጽሕፈቱ ያምር ነበር። ልጅ ሳለ የጋዜጣ ሰው የመሆን ምኞት ነበረው፤ ምኞቱ በመቀስና በመርፌ አልቆ ይህች ሰሌዳ ብቻ ቀረችው። ሰው ግን ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ያልፍ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን እኔ ከኅብረት ሱቁ ስኳር ልገዛ ተሰልፌ ፀሐይ ስታቃጥለኝ አረፈድኩ። ባዶ እጄን ስመለስ ሱቁ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ደንግጬ ሰው ገፍቼ ስገባ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ባለቤቴ ስኳር ልትገዛ ገና ሳይነጋ ተሰልፋለች። እስክትመለስ ድረስ ስኳር የሌለው ሻይና በደንብ የተሰፋ ሱሪ እዚህ ይገኛል።»

ሰዉ ይስቃል። አንዱ ሱሪ ሊለካ ቆሟል። ሌላው ሸሚዝ ይዞ መጥቷል። ወዲያው ግን ሳቁ ቆመ፤ የቀበሌው ካድሬ መጣ።

«ይህን የጻፈው ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ» አለ ባለቤቴ፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ስኳር የለም ነው የምትለው?»

«የለም አላልኩም። ሰልፍ አለ ነው ያልኩት።»

ካድሬው ሰሌዳውን እንደገና አነበበው። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ መጥቶ መለሰው። «ስማ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ስለ ስኳር አትጻፍ። ስለ ጋዝም፣ ስለ ሰልፍም አትጻፍ። ለአንተ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ስለ ምን ልጻፍ?»

ካድሬው ዙሪያውን ቃኘ። እኔ ወደ ሥራዬ ተመልሼ ክር በጥርሴ ይዤ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። «ስለ ሚስትህ ጻፍ። አብዮቱ በሚስትህ ላይ ምንም ቅሬታ የለውም።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ከእስር ይሻላል ብዬ ነው የሳቅሁት።

እሱ ግን ቃሉን እንደ መመሪያ ያዘው። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ «ባለቤቴ ትናንት ሹሮ አሳረረች። ልብስ ግን አሳርራ አታውቅም፤ ካውያዋን እመኑት» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት አዲስ ነገር የማይጻፍበት ቀን አልነበረም። «ባለቤቴ ካኮረፈች ቀናት ሆኑ። ሱቁ ጸጥ ስላለ ሥራው ፈጥኗል፤ ሱሪዎን ዛሬውኑ ይወስዳሉ።» «ባለቤቴ ሙቀቱን ሸሽታ ግቢ ውስጥ ትተኛለች። እኔን ሸሽታ እንደ ሆነ ጎረቤት ያጣራልኝ፤ እስከዚያው ሸሚዝ በቅናሽ እሰፋለሁ።»

ዘመኑ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ነበር። ትልልቁ ሰው ሁሉ ፊደል ቆጥሮ ሲያበቃ የሚያነበው ነገር አጥቶ ነበር። ያለው የግድግዳ መፈክር ነው፤ መፈክር ደግሞ አንዴ ከተነበበ ተነበበ ነው። የባለቤቴ ሰሌዳ ግን በየቀኑ ይለወጣል፤ ፊደሉ ትልልቅ፣ ነገሩ የቤት ነገር። ስለዚህ ማታ ማታ የሚማሩት ሁሉ ጠዋት መጥተው እኛ በር ላይ ይለማመዱ ጀመር። ከቀፊራ ገበያ ጆንያ የሚያመላልስ አንድ ጎልማሳ ተሸካሚ ነበር፤ ሸክሙን ከጀርባው ሳያወርድ ቆሞ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ «ባ... ለ... ቤ... ቴ...» እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ያልተማረው ሊሰማ ይከበዋል። እኔ እዚያው ከሰሌዳው ሥር ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ። ገበናዬ ፊደል በፊደል እየተቆረሰ ሲታደል፣ የሚቀጥለው ፊደል ምን እንደ ሆነ እያወቅሁ እጠብቃለሁ። እንዲያ ያለ ውርደት ቶሎ አያልቅም።

ሥራው በአንድ ጊዜ በዛ። ሁለተኛ የስፌት መኪና ገዛን፤ አጋዥ ሰፊም ቀጠርን። ጣሪያው ላይ ቬንቲሌተር ተሰቀለ። እኔ ግን ቀፊራ መውጣት እንደ ፈተና ሆነብኝ። ሽንኩርት ሻጯ ገና ከሩቅ ስታየኝ «ያቺ የሰሌዳዋ! ዛሬ ደግሞ እንዳታሳርሪው አቦ!» ትለኛለች፤ አጠገቧ ያሉት በኦሮምኛም በሱማልኛም ለማያውቀው ያስረዳሉ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። ያቺ ቀሚሴን ያሰፋልኝ ቀን ደግሞ «የባለቤቴን ቀሚስ ዛሬ አሰፋሁላት። እርስዎም ቢወፍሩ አይስጉ፣ ጨርቅ እንጨምራለን» ብሎ ጻፈ። ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም።

«የእኔን ገበና አደባባይ አሰጣኸው» አልኩት በመጨረሻ።

«ምን አልኩ? ቀልድ ነው። ሰዉ ይወድሻል።»

«ይስቅብኛል እንጂ አይወደኝም።»

«አንቺ ሴት» አለኝ መቀሱን አስቀምጦ፤ «ሰው ሱሪ ሊያሰፋ አይመጣም። ሊያነብ ይመጣና ሱሪ ያሰፋል። ታዲያ ምን ልጻፍለት? ስለ ስኳር እንዳልጽፍ ተከለከልኩ። ስለ ጎረቤት ብጽፍ ጠብ ነው። ያለሽኝ አንቺ ነሽ።»

የምንበላው እንጀራ ከዚያች ሰሌዳ መምጣቱን አውቃለሁ። ከዚህ ሁሉ የባሰ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፦ አንዳንድ ቀን ስለ እኔ ሳይጽፍ ስለ ቬንቲሌተሩ ወይም ስለ አንድ ደንበኛ ጢም የጻፈ እንደ ሆነ፣ ሰው ሁሉ ሳያየኝ ሲያልፍ ቅር ይለኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በዚህ መሀል እናቴ ጥርሷን ልታስነቅል ከቢዮ አዋሌ መጣች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እዚያ ብቻዋን ትኖራለች፤ መንገድ ዳር ለሾፌሮች ሻይና ቆሎ ትሸጣለች። ከድሬዳዋ ሩቅ አይደለም፤ እኔ ግን በሥራ እያመካኘሁ ከሄድኩ ቆይቻለሁ። እሷም በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች፤ የምስክር ወረቀቷን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፦ የሳሙና መጠቅለያ፣ የክብሪት ቀፎ፣ የመኪና ጎን። አንዴ ከጀመረች ሳትጨርስ አትተውም፤ ብትጠራት እጇን አንሥታ «ቆይ» ትልሃለች።

በመጣች ዕለት ባለቤቴ ቀሚስ ሊሰፋላት ድሮ በሰፋላት ቀሚስ ልክ ጨርቅ ቆረጠ። ሲያለብሳት በግራም በቀኝም ብዙ ጨርቅ ተረፈ።

«እማማ፣ ቀንሰዋል እኮ» አላት።

«ጥርሴ ነው ልጄ። ጥርስ የታመመ ሰው ምን ይበላል?» አለች። እኛም ጥርሷ ነው አልን።

ስለ እኔ የተጻፈውን በመጀመሪያው ቀን አነበበችው። አልሳቀችም። «ሰውዬው ጨዋ ነው» አለችኝ ወደ ጓዳ ጠርታ፤ «ጣቱ ግን አያርፍም።»

ጥርሷ ከተነቀለ በኋላ ድዷ እስኪድን ከእኛ ጋር ሰነበተች። ገበታ ላይ ዳቦዋን ለሁለት ትገምሳለች፤ ግማሹን ሻይ ውስጥ ነክራ ትበላለች፣ ግማሹ በነጠላዋ ጫፍ ሥር ይገባል። ኋላ ደግሞ ከማዳበሪያ ጆንያ በሰፋችው ከረጢቷ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። አይቻለሁ። የአሮጊት ልማድ ነው ብዬ አለፍኩት። ባለቤቴም አይቶ ኖሯል።

ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት አብረን ቀፊራ ወጣን። በርበሬና ጨው ገዛሁላት፤ በጋሪ ተመለስን። ጋሪው ሱቁ በር ላይ ሲቆም እንደ ወትሮው ሰው ተሰብስቦ ነበር። እናቴ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ደስ ብሏታል፤ ቀድማኝ ወርዳ ቀጥ ብላ ወደ ሰሌዳው ሄደች። እኔ ለባለጋሪው እየከፈልኩ ቀና ስል ጽሑፉን በአንድ እይታ ጨረስኩት፦

«አማቴ ከመጡ ወዲህ ዳቦአችን እግር አወጣ። ከገበታ ተነሥቶ ከረጢታቸው ውስጥ ይገባል። የእኛ ሱሪ ኪስም እንዲሁ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል።»

እሷ ግን ገና መጀመሪያው ቃል ላይ ነበረች።

«አ... ማ... ቴ» አለች ጮክ ብላ፤ ጣቷ ፊደሉን ይከተላል። «አማቴ! ከ... መ... ጡ...»

«እማዬ፣ ነይ እንግባ፣ ፀሐይ ነው» አልኳት ክንዷን ይዤ።

«ቆዪ» አለችኝ።

ያ ተሸካሚ አጠገቧ ቆሟል። እሱ ቀድሟት አንብቦ ስለ ጨረሰ ኩራት ይዞታል፤ ማን እንደ ሆነች አያውቅም። «በርቱ እማማ!» ይላታል። «ዳ... ቦ... አ... ች... ን» አለች። «ዳቦአችን እግር አወጣ!» ብላ ራሷ ሳቀች። ዳቦ እግር ሲያወጣ አስቂኝ ነው፤ ሰዉም ከእሷ ጋር ሳቀ። እኔ ክንዷን እንደ ያዝኩ ቀረሁ። «ከ... ገ... በ... ታ... ተነሥቶ...» ቀጠለች። «ከ... ረ... ጢ...» እዚህ ላይ ተያዘች።

«ከረጢታቸው!» አለ ተሸካሚው ሊረዳት።

«ከረጢታቸው» አለች። ድምጿ ወረደ። ጣቷ ግን አልቆመም። «ው... ስ... ጥ... ይ... ገ... ባ... ል።» ስለ ኪሱም ያለውን እስከ መጨረሻው ነጥብ ድረስ ዝግ ባለ ድምፅ አነበበችው። አነባበቧ እንዲያ ቀንቷት አያውቅም።

ከዚያ ጣቷን ከሰሌዳው ላይ አንሥታ «እኔን ነው» አለች። አልጠየቀችም። ሳቁ እዚህም እዚያም ጠፋ፤ ተሸካሚው ጆንያውን አስተካክሎ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሄደ።

ተከትያት ገባሁ። ባለቤቴ ስፒል በአፉ እንደ ያዘ ከመኪናው ቀና ሲል ፊቷን አየና ስፒሉን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ። እሷ ከመጋረጃው ኋላ ከረጢቷን አምጥታ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ ለሳፋሪ ልብስ በተዘረጋው ካኪ ጨርቅ ላይ ዘረገፈችው። ግማሽ ግማሽ ዳቦ፣ የደረቀ፣ አንዳንዱ የተነከሰ። ሁለት ደንበኞች ቆመው ያያሉ።

«ለዶሮዎቼ ነው» አለች።

«እማማ፣ እኔ... ቀልድ ነው፣ ለገበያ ብዬ...»

«ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። ዶሮ ደረቅ ዳቦ ይበላል፤ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ከሰጠኸው ይወደዋል። ሰው የማይበላውን ነው የወሰድኩት።»

እሱ ተንበርክኮ ጉልበቷን ያዘ። «ይማሩኝ» አላት።

«ተነሥ ልጄ። ሰው ሱሪውን እየጠበቀ ነው» አለችው።

እኔ ግን ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ቆሜ ነበር። ዶሮዎቿን ሸጣ ከጨረሰች ቆይታለች። ዝናብ በጠፋበት ጊዜ ከዚያ የመጣ አንድ ሾፌር ነግሮኝ ነበር፤ ያኔ «ደግ አደረገች፣ ዶሮ ልፋት ነው» ብዬ ነበር። አሁን ያ ከቀሚሷ የተረፈው ጨርቅ ታየኝ፤ ያከሳት ጥርሷ አልነበረም። ሰው ሁሉ ሹሮዬንና ወገቤን ሲያውቅ፣ እናቴ ርቧት እንደ ነበር እኔ አላወቅሁም። እስከዚያ ቀን ያፈርኩት ሁሉ ማፈር አልነበረም።

ዳቦውን ራሷ አንድ በአንድ ለቅማ ወደ ከረጢቷ መለሰችው። ላግዛት እጄን ብዘረጋ በቀስታ ገፋችኝ። ባለቤቴ ወጥቶ ሰሌዳውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው።

በማግስቱ ዱቄትና ምስር፣ ዘይትም በጆንያ አድርገን ወደ መኪና መነሻው ሸኘናት። «ይከብደኛል» አለች፤ ግን ተቀበለች። ስለ ዶሮ ማንም አላነሣም። ባለቤቴ ጆንያውን መኪናው ላይ ጭኖ ሲወርድ «እጅህ ይባረክ፣ ስፌትህ ጥሩ ነው» አለችው። ስለ ጽሕፈቱ ምንም አላለችም።

ሰሌዳው ባዶ ዋለ፤ ሳምንቱን ሙሉ ባዶ ሰነበተ። ሰው ይመጣና «ዛሬስ?» ይላል። አንድ ቀን ጠመኔውን ይዞ ብዙ ከቆመ በኋላ «ዛሬ ሞቃት ነው» ብሎ ጻፈ። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን የሚነገረው ማን አለ? ሰዉ አንዴ አይቶት አለፈ። ሊያነቡ ይመጡ የነበሩት ቀሩ፤ ሱሪው የተመቻቸው ብቻ ተመለሱ። አጋዡን ሰፊ አሰናበትን። ባለቤቴ በሥራው መቀነስ አንድም ቀን አላማረረም። አመሻሽ ላይ ሱቁን ስንዘጋ ግን ሰሌዳውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያስቀምጠው ነበር።

እኔ ልቤ አልቻለም። እናቴ በሄደች በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቢዮ አዋሌ ሄድኩ። እናቴ ደጃፏ ላይ ሁለት ብርጭቆ ደርድራ ተቀምጣለች፤ ሾፌርም ደንበኛም የለም። ግቢው ተጠርጓል፤ የዶሮ ላባ አንድ እንኳ አይታይበትም። ያየሁትን አየች።

«እንደምትመጪ ብትልኪብኝ አንድ ነገር አሰናዳ ነበር» አለች።

«ልወስድሽ ነው የመጣሁት። ከእኛ ጋር ኑሪ።»

«እዚያ ሰፈር በምን ፊቴ እገባለሁ? ከረጢቴን የማያውቀው የለም።»

«የእኔንም ሹሮ የማያውቀው የለም» አልኳት። «የቀሚሴንም ልክ። አብረን እንታወቃ።»

ያ ጥርስ የተነቀለበት ቦታ እስኪታይ ድረስ ሳቀች። ዕቃዋ ብዙ አልነበረም፤ ከሰዓት በኋላ ዕቃ የጫነ መኪና ለምነን ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ላዩ ላይ ወጣን።

መንገድ ላይ አንድ ፊቱ ሞላ ያለ ነጋዴ ለሰዉ ወሬ ያወራ ነበር። «ድሬዳዋ መጋላ ያለውን ልብስ ሰፊ ሰማችሁ?» አለ። «አማቱ ከገጠር መጣችበት። መጀመሪያ ዳቦውን በከረጢት ጠራረገች፤ ከዚያ ስኳሩን፤ በመጨረሻ የስፌት መኪናውን ተሸክማ ልትወጣ በር ላይ ያዛት!» መኪናው በሳቅ ተናወጠ። «እውነት ነው፣ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ያነበበ ሰው ነግሮኛል» አለ።

ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። ዞሬ የመንገዱን ዳር ቁልቋል አየሁ፤ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩት። እናቴ ግን ወደ ሰውዬው ዞራ «ዕድለኛ ናት» አለችው።

«ማን፣ አማቲቱ?»

«አዎ። ዳቦ ያለው አማች ነዋ ያገኘችው።»

ሰዉ ከቅድሙ ይበልጥ ሳቀ፤ ነጋዴውም «እውነትዎን ነው እማማ» ብሎ ጭኑን መታ። እሷም ፈገግ አለችለት። በነጠላዋ ሥር ግን እጄን ፈልጋ ያዘችው፤ አጥብቃ ነበር የያዘችው፤ መኪናው ደቻቱን ተሻግሮ እስኪቆም ድረስ አልለቀቀችኝም።